ጫጩቶቻችንን ማን ወሰዳቸው?

በአዳማ፣ በወንጂ፣ በሞጆ፣ በቢሾፍቱ፣ በመቂ፣ በባቱ፣ እስከ ሻሸመኔም ድረስ ያላችሁ የጎልማሶች ትምህርት ተማሪዎች፣ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጓሮ ዶሮ ነው። ዶሮን ከአውሬ እንዴት እንደምንጠብቅ እንነጋገራለን። ንግግሩ ታትሞ ስለሚደርሳችሁ፣ ዛሬ በጆሮ ያመለጣችሁን ኋላ በዓይናችሁ እያነበባችሁ ታገኙታላችሁ። አትቸኩሉ። ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

እኔ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። የሠለጠንኩት በመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም እንጂ በግብርና ትምህርት ቤት አይደለም። ቀን ልጆችን፣ ማታ ደግሞ እናቶችንና አባቶችን አስተምራለሁ። በማታው ክፍል "ዶ" የሚለውን ፊደል የምናጠናው "ዶሮ" ብለን ነው። ሰሌዳው ላይ "ዶሮ" ብዬ ስጽፍ ታዲያ ትምህርቱ ይቀርና ወሬው ይደራል። አንዷ "የእኔን ጭልፊት ጨረሰብኝ" ትላለች። ሌላዋ "ኧረ የእኔንስ ሸለምጥማጥ ነው" ትላለች። ያንን ወሬ ስሰማ፣ ስጠይቅ፣ የግብርና ባለሙያዎች የሚሉትንም ሳዳምጥ ቆይቼ ነው ይህን ንግግር ያዘጋጀሁት።

በብዙ ቤት ላሙና በሬው የአባወራው ነው። ዶሮ ግን የእናት ናት። ከእንቁላሉ ጨው፣ ሳሙና፣ ቡና ይገዛል። የልጅ ደብተርና እርሳስ ይገዛል። ለዓመት በዓል አንድ አውራ ዶሮ ሲሸጥ የቤቱ ጎዶሎ ይሞላል። ስለዚህ ጭልፊት አንድ ጫጩት ይዞ ሲበር የልጅ ደብተር ይዞ ነው የሚበረው።

እስቲ እርሳሳችሁን አንሡና አብረን እናስላ። አንዲት የሐበሻ ዶሮ 12 እንቁላል ታቀፈች እንበል። በ21 ቀን 10 ጫጩት ፈለፈለች። ጥሩ ነው። ከ8 ሳምንት በኋላ ስንቱ ይቀራል? በመካከለኛው የአገራችን ክፍል በገጠር ዶሮዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከሚፈለፈሉት 100 ጫጩቶች ከ40 እስከ 60 የሚሆኑት በመጀመሪያዎቹ 8 ሳምንቶች እንደሚያልቁ ይናገራል። የሚጨርሷቸው በሽታና አውሬ ናቸው። እንግዲህ ከ10 ጫጩት የሚተርፈው 4፣ 5፣ ቢበዛ 6 ነው ማለት ነው። እናት ዶሮዋ 21 ቀን ታቅፋለች። ከዚያም ጫጩት እየመራች ሁለት ወር ያህል ትቆያለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ እንቁላል አትጥልም። ያ ሁሉ ልፋት ለ5 ጫጩት!

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" ይባል የለ? ብዙዎቻችን የምናደርገው እንደዚያው ነው። ጫጩት ከጠፋ በኋላ እንጮኻለን። የጎረቤትን ድመት እንራገማለን። በማግሥቱ ግን እናት ዶሮዋን እንደ ትናንቱ ለቀን ወደ ጉዳያችን እንሄዳለን። ማን እንደ ወሰደው ሳናውቅ እንዴት አድርገን እንከላከላለን? ጭልፊትን የሚያግደው ነገር ሸለምጥማጥን አያስቆምም። ለሸለምጥማጥ የሚሆነው ደግሞ አይጥን አይከለክልም። ቀድሞ ሌባውን ማወቅ ያስፈልጋል። ሌባ ሁሉ የራሱ ሰዓትና የራሱ ምልክት አለው።

ከማታ ተማሪዎቻችን አንዲት እናት ያደረገችውን ልንገራችሁ። መጻፍ እንደ ጀመረች የደብተሯን ገጽ ወደ ታች በአራት ከፈለችው። በመጀመሪያው ቀኑን፣ በሁለተኛው የጠፋውን ብዛት፣ በሦስተኛው ሰዓቱን፣ በአራተኛው ያየችውን ምልክት ትጽፍ ጀመር። ፊደሏ ገና ይንጋደዳል። ግን ይነበባል። በሦስት ሳምንት ውስጥ 7 ጫጩት ጠፋባት። አንድ ማታ ደብተሩን ክፍል አመጣችና አብረን አነበብነው። ከ7ቱ 5ቱ የጠፉት ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ምልክት በሚለው ሥፍራ "ምንም የለም" ተብሎ ተጽፏል። ላባ የለም፣ ደም የለም። ያ ሰዓት እሷ ቦኖ ሄዳ ለውሃ የምትሰለፍበት ሰዓት ነው። ጫጩቶቹን ትለቃለች፣ ጥሬ ትበትናለች፣ ጄሪካኗን ይዛ ትወጣለች። ጭልፊቱም ሰዓቱን ለምዶታል። ከጎረቤት ባሕር ዛፍ ላይ ሆኖ እስክትወጣ ይጠብቃታል።

ታዲያ ምን አደረገች? ጫጩቶቹን ከውሃ ስትመለስ መልቀቅ ጀመረች። ይኸው ነው። ሽቦ አልገዛችም፣ ቤት አልሠራችም። በቀጣዩ ወር የጠፋባት 1 ጫጩት ብቻ ነው። እሱንም ጽፋዋለች፤ "ውሻ" ይላል።

እስቲ በቀን ሌባው እንጀምር። ጭልፊት የምንለው፣ በአፋን ኦሮሞ ጩሉሌ የሚባለው ማለት ነው። በዚህ ስም የምንጠራቸው አሞሮች በእውነቱ ብዙ ዓይነት ናቸው። በከተሞቻችን ላይ ሁልጊዜ የሚያንዣብበው ቡናማ ላባ ያለው ነው። ጭራው እንደ ሹካ ለሁለት የተከፈለ ነው። ይህኛው አብልጦ የሚወደው ትራፊና ጥንብ ነው። በየቄራው ዙሪያ የሚያንዣብበውም ለዚህ ነው። ጫጩት ገላጣ ላይ ካገኘ ግን አያልፍም። ሌላው ክንፉ አጠር ያለ፣ ዛፍ ውስጥ ተደብቆ ድንገት የሚወረወር ነው። እሱ ከጫጩት አልፎ ቄብ ዶሮም ይደፍራል። በዚህ ላይ የምንኖርበት ስምጥ ሸለቆ የአሞሮች ታላቅ መንገድ ነው። በአውሮፓና በእስያ ብርድ ሲገባ ብዙ አሞሮች ይህን ሸለቆ ይዘው ወደኛ ይመጣሉ። ከመስከረም እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ሰማያችን ላይ አሞራ የሚበዛው ለዚህ ነው። በእነዚያ ወሮች ጫጩት ያስፈለፈለ ሰው ዓይኑን ከሰማይ አይንቀል።

እኛ ራሳችንም ጭልፊትን የምንጠራበት ጊዜ አለ። ለዓመት በዓል ዶሮ አርደን አንጀቱንና ላባውን ጓሮ እንወረውራለን። ጭልፊቱ ለአንጀቱ ይመጣል፣ ጫጩቶቹንም ያያል። በማግሥቱ አንጀት ባይኖርም ተመልሶ ይመጣል። ውሻና ጅብም እንደዚሁ ናቸው። የታረደውን ትራፊ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩት።

ጭልፊት የሚመቸው ገላጣ ሜዳ ነው። ጫጩት ሮጦ የሚገባበት ነገር ካለ ብዙ ጊዜ ያመልጣል። ስለዚህ ጓሮው መካከል የግራር ቅርንጫፍ ከምሩ። እሾሁ ለጫጩት አያስቸግርም፣ ለጭልፊት ግን አይመችም። ዱባ ወይም ቅል በአጭር ዳስ ላይ አሳድጋችሁ ጥሬውን ከሥሩ መበተንም ጥሩ ነው። በባቱ ከተማ ያላችሁ ደግሞ ጎረቤታችሁ ዓሣ አጥማጅ ነው። ያረጀ የዓሣ መረብ ጠይቁት። በአራት አጠና ላይ ብትወጥሩት ከላይ የሚወርድ አሞራ ሁሉ ይታገዳል። ለጭልፊት ከዚህ የረከሰ መከላከያ አላየሁም።

አሁን የምነግራችሁን ስሰማ እኔም ገርሞኝ ነበር። ዶሮ አደጋ ስታይ የምትጮኸው ጩኸት አንድ ዓይነት አይደለም። ከሰማይ አሞራ ሲመጣ ጩኸቷ ሌላ ነው። በምድር ድመት ወይም ውሻ ሲመጣም ሌላ ነው። ይህ በዶሮ ላይ ምርምር ባደረጉ ሊቃውንት የተረጋገጠ ነው። ለአሞራው አንድ ጊዜ ረዘም አድርጋ ትጮኽና ሁሉም ባሉበት ያደፍጣሉ፣ ወይም ወደ ጥላ ይሮጣሉ። ለምድር አውሬው ግን እየደጋገመች "ቀቅ፣ ቀቅ፣ ቀቅ" ትላለች፤ ሁሉም አንገታቸውን አቅንተው ይቆማሉ። አውራ ዶሮውም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ አውራ ዶሮ ለመንጋው ዘበኛ ነው። እንቁላል አይጥልም ብላችሁ ቶሎ አትሽጡት። እናንተም ጩኸቱን ለዩ። ወጥ እያማሰላችሁ፣ ዞር ብላችሁ ሳታዩ፣ ሌባው ከላይ ነው ከታች የሚለውን ታውቃላችሁ። ልጆች ደግሞ ከእኛ ይልቅ ፈጥነው ይለዩታል።

የመጀመሪያዎቹ 8 ሳምንቶች ላይ ትንሽ ልቆይ። ትልቁ ጥፋት እዚያ ነው። እናቶቻችን ከጥንት ጀምረው እናት ዶሮዋን በአንድ እግሯ በለስላሳ ገመድ ጥላ ሥር ያስሯታል። ጫጩቶቹ ከእናታቸው አይርቁም። ይህ ጥሩ ዘዴ ነው። ግን ውሃውና ጥሬው ገመዱ በሚደርስበት ይሁን። ገመዱም እየተጠመጠመ እንዳያንቃት ቶሎ ቶሎ ተመልከቱ። ሌላው ዘዴ ቅርጫት መድፋት ነው። አየር የሚያስገባ ትልቅ ቅርጫት ጫጩቶቹ ላይ ደፍቶ፣ ውሻ እንዳይገለብጠው ከላይ ድንጋይ መጫን ነው።

ከእነዚህ የሚሻል አንድ ሌላ አለ። የሣር ሳጥን ይባላል። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጅ ተመራማሪዎች ሞክረው ለቤተሰብ ዶሮ እርባታ ጥሩ መሆኑን ያሳዩት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ትልቅ የእንጨት ሳጥን ውሰዱ። ከውስጡ ሌላ ትንሽ ሳጥን አስገቡ። በሁለቱ ሳጥኖች መካከል ባለው ክፍተት ደረቅ ሣር ወይም ጭድ ጠቅጥቁ። የአየር ቀዳዳ ተዉለት። ከላይም ሣር ያለበት ክዳን ይኑረው። ጫጩቶቹ ማታ እዚያ ውስጥ ይተኛሉ። ኩራዝ አያስፈልግም፣ የመብራት ኃይልም አያስፈልግም። እርስ በርሳቸው ይሞቃሉ፣ ሣሩም ሙቀታቸውን ይይዝላቸዋል። ቀን ደግሞ ከሳጥኑ ጋር በተያያዘች፣ በሽቦ በተከለለች ትንሽ ግቢ ውስጥ ይውላሉ። ጭልፊት አያገኛቸውም፣ ድመትም አያገኛቸውም። ጫጩቶቹን ሳጥኑ ሲያሳድጋቸው እናት ዶሮዋ ነፃ ትወጣለች። ቶሎ ብላ እንደገና እንቁላል መጣል ትጀምራለች። ቆላ ላላችሁ ግን አንድ ነገር ላክል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀት ሣሩን አብዝታችሁ አትጠቅጥቁ። ጫጩቶቹ አፋቸውን ከፍተው ካለከለኩ ሞቋቸዋል ማለት ነው፣ ክዳኑን ገርበብ አድርጉላቸው። ያን ጊዜ ክዳኑ ሥር የወንፊት ሽቦ ይኑር፤ አለዚያ አውሬ ይገባል።

ሌሊቱ ደግሞ ሌላ ነው። የሌሊቱ ጌታ ሸለምጥማጥ ነው። ሰውነቱ ነጠብጣብ፣ ጭራው ረጅምና ቀለበት ቀለበት ያለበት፣ ከድመት ቀጠን የሚል አውሬ ነው። ክብደቱ ሁለት ኪሎ ቢሆን ነው። ግን ዛፍ ይወጣል፣ ግድግዳ ይወጣል፣ ጣራ ላይ ይሄዳል። ጭንቅላቱ ከገባ ገላውም ይገባል። ከሁሉ የከፋው ጠባዩ ደግሞ የሚበላውን ያህል ብቻ አለመግደሉ ነው። ቤቱ ውስጥ ከገባ፣ ዶሮዎቹ ሲንጫጩ፣ ያገኘውን ሁሉ አንገቱን ይነክሳል። ጠዋት 6 ዶሮ ሞቶ ታገኛላችሁ፤ የተበላው ግን የአንዷ ራስ ብቻ ይሆናል። ዝባድ የሚሰጠው ጥርኝም ዶሮ ካገኘ አይምርም። እሱ ግን እንደ ሸለምጥማጥ ዛፍ ላይ አይሯሯጥም፤ የሚሄደው በምድር ነው።

ሌሊት የመጣውን ሌባ እንዴት እናውቃለን? አመድ ውሰዱ። ማታ የዶሮ ቤቱን ዙሪያ የተነፋ አመድ በትኑበት። ጠዋት ዳናውን አንብቡ። እንደ ፊደል ነው። የውሻና የቀበሮ ዳና የጥፍር ምልክት አለው። የድመት ዳና ክብ ነው፣ ጥፍሩ አይታይም። የፋሮ ዳና ረዣዥም የጥፍር ጭረት አለበት። እባብ የሚተወው ጠመዝማዛ መሥመር ነው። የሰው ጫማ ከሆነ ደግሞ ያው የሰው ጫማ ነው። የሁለት እግር ሸለምጥማጥ እንደምንለው ማለቴ ነው፤ በተለይ ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ይበዛል። ለእሱ ቁልፍ እንጂ ወንፊት አይበቃም።

የእንቁላል ሌባም የራሱ ምልክት አለው። እንቁላሉ ከነቅርፊቱ ከጠፋ ብዙ ጊዜ እባብ ነው፤ ሳይሰብር ይውጠዋል። ቅርፊቱ ተሰባብሮ ከቀረ አይጥ፣ ፋሮ ወይም ቁራ ሊሆን ይችላል። አንዳንዴም ራሷ ዶሮዋ ናት። ጫጩት ወደ ጉድጓድ ተጎትቶ ግማሹ ተበልቶ ከተገኘ አይጠ መጎጥ ነው። ለእነዚህ ሁሉ መድኃኒቱ አንድ ነው። በዶሮ ቤቱ አጠገብ የድንጋይ ክምር፣ የእንጨት ክምር፣ ረጅም ሣር አይኑር። የተበተነ ጥሬ አይደርበት። እንቁላል በቀን ሁለት ጊዜ ይነሣ።

አሁን ወደ ቤቱ እንምጣ። እዚህ ላይ የእኛ የቆላ ሰዎች ችግር ከደጋው ይለያል። የደጋ ሰው ዶሮውን በጭቃ ቤት ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ ይተኛል። በአዳማና በመተሐራ ሙቀት እንዲህ ቢደረግ ዶሮዋ ትታፈናለች። ዶሮ አታልብም። ሲሞቃት ታለከልካለች እንጂ ሌላ መላ የላትም። ስለዚህ ሰዉ በሩን ክፍት ይተውላታል። ወይም ግራርና ማንጎ ላይ እንድታድር ይለቃታል። ነፋስ ታገኛለች፣ እውነት ነው። ሸለምጥማጥም የሚፈልገው ይህንኑ ነው። የሚዘጋ ግን የሚተነፍስ ቤት ነው የሚያስፈልገን።

እንዲህ አድርጉት። ለ8 ዶሮ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል ይበቃል። የግድግዳው የታችኛው ግማሽ በጭቃ ወይም በጣውላ ይዘጋ። የላይኛው ግማሽ በወንፊት ሽቦ ይሸፈን። ሽቦ ስትገዙ ቀዳዳውን እዩ። ሰፊ ቀዳዳ ያለው፣ በተለምዶ የዶሮ ሽቦ የሚባለው፣ ዶሮን እንዳትወጣ ይይዛል እንጂ አይጥና እባብን እንዳይገቡ አያደርግም። ቀዳዳው ከግማሽ ኢንች የማይበልጠውን ጠንካራ ሽቦ ምረጡ። ዋጋው ይወደዳል። ለሁሉም ግድግዳ ካልበቃችሁ ለአንዱ ወገን እንኳ አድርጉትና የቀረውን በቀርከሃ ወይም በጠባብ ጠባብ አጠና ዝጉት። አዳማ ነፋስ መብራት የሚያመነጭባት ከተማ ናት፤ ነፋሱን እናውቀዋለን። ነፋስ የሚበረታበት ወገን ይዘጋ፣ ሌላው ወገን ሽቦ ይሁን። ጣራው ከግድግዳው ወጣ ብሎ ጥላ ያድርግ። ዛፍ ሥር ቢሆን መልካም ነው። ግን ጣራውን የሚነካ ቅርንጫፍ ሁሉ ይቆረጥ፤ አለዚያ ለሸለምጥማጥ ድልድይ ሠራንለት ማለት ነው።

ወለሉ ከምድር አንድ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በእግሮች ቢቆም ይመረጣል። አየር ከሥር ይገባል፣ ኩሱም ይወርዳል። በየእግሩ ላይ ለስላሳ ቆርቆሮ ብትጠቀልሉበት አይጥ አይወጣበትም። ምስጥ እንዳይበላው የሚቀበረውን ጫፍ በተቃጠለ የሞተር ዘይት ንከሩት። ቤቱ መሬት ላይ ከሆነ ግን ዙሪያውን አንድ ክንድ ያህል ቆፍራችሁ ድንጋይ ሙሉበት፤ ቀበሮና ውሻ ቆፍረው እንዳይገቡ። ቆጡን ከሽቦው አርቁት። ሽቦው ጥግ የተኛች ዶሮን አውሬ በውጭ ሆኖ እግሯን ጎትቶ ሊቆርጠው ይችላል።

በሩ ግን ከሁሉ ይበልጣል። የቱንም ያህል ጥሩ ቤት ብትሠሩ፣ አንድ ማታ ተረስቶ ክፍት ካደረ ያልሠራችሁ ያህል ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ዶሮዎቹ ራሳቸው ይገባሉ። ያን ጊዜ ቁጠሩ። ዶሮዎቻችሁ 9 ከሆኑ በሩ ላይ በጠመኔ "9" ብላችሁ ጻፉ። መቁጠሩን ለአንድ ልጅ ስጡት። "8" ካለ ሳይጨልም ፍለጋ ይወጣል። ቁጥሩ በሽያጭ ሲቀንስ ወይም በፍልፈላ ሲጨምር አጥፍታችሁ አዲሱን ጻፉ። ጠዋትም አትቸኩሉ፤ ፀሐይ በደንብ ሳትወጣ አትልቀቋቸው። ቀበሮ ሲነጋጋ ገና መንገድ ላይ ነው።

ውሻና ድመትን በተመለከተ ነገሩ ከአውሬ ይልቅ ከሰው ጋር ነው። የጎረቤት ውሻ ዶሮ ሲበላ ሰው ይጣላል። እኔ እንደማየው ጠቡ የሚከፋው ማስረጃ ሳይኖር ሲካሰሱ ነው። ደብተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። "እማማ፣ ማክሰኞ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ይኸው ዳናው" ብላችሁ በትሕትና ንገሯቸው። ውሻውን ቀን ያስሩታል። የራሳችሁ ውሻ ካለ ደግሞ ከቡችላነቱ ጀምሮ ከዶሮዎች ጋር አሳድጉት። እንዲህ ያደገ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ ዶሮ አይነካም፤ ሌሊትም ሌላውን ያባርራል።

መርዝ ግን በፍጹም አይሆንም። ሥጋ ላይ መርዝ አድርጎ ጓሮ የሚጥል ሰው አለ። ያ ሥጋ ሸለምጥማጡን ብቻ ለይቶ አይጠራም። የጎረቤት ውሻ ይበላዋል። የሞተውን ውሻ ጥንብ አንሣ ይበላውና እሱም ይሞታል። በአፍሪቃ ጥንብ አንሣዎች እየጠፉ ያሉት አንዱ ምክንያት እንዲህ ያለው መርዝ ነው። እነሱ ሲጠፉ ጥንቡን የሚያጸዳልን ማን ነው? ገና ዳዴ የሚል ሕፃን ቢያነሣውስ? በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 ደግሞ የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ መግደልን ይከለክላል። ሸለምጥማጥ ራሱ ሌሊት ሲዞር ከዶሮ ይልቅ አይጥ ነው የሚበላው። ቤታችን ከተዘጋበት አይጣችንን ለቅሞልን ይሄዳል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ጭልፊት ቀድሞ የሚያነሣው የደከመውን ጫጩት ነው። የታመመ ጫጩት ሲጮኹበት አይሮጥም። ስለዚህ በሳምንት ውስጥ 4 እና 5 ጫጩት በጭልፊት ከተወሰደባችሁ፣ የቀሩትን ያዙና ተመልከቱ። ክንፋቸውን ጥለዋል? ያንቀላፋሉ? አረንጓዴ ተቅማጥ አላቸው? አንገታቸው ይጠመዘዛል? እንዲህ ከሆነ ፈንግል ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ብላችሁ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ። ለፈንግል ክትባት አለው። የሚመረተውም እዚሁ ቢሾፍቱ ከተማ ውስጥ ነው።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ስለ ፈንግልና ስለ ክትባቱ አንድ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ያነጋግራችኋል። እስከዚያው ድረስ ገጹን በአራት ከፍላችሁ ቀን፣ ብዛት፣ ሰዓት፣ ምልክት ብላችሁ ጻፉበትና ወደ ማታ ትምህርታችሁ ይዛችሁት ኑ።